ቤት ሳይሠሩ «ወደ ቤትሽ ግቢ»

ሜክሲኮ ሲባል አብዛኞቻችን ከአደባባዩ አንርቅም። ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሁለት ሰው!» ሲል እንሮጣለን፣ እንጋፋለን፣ እንወርዳለን፤ በቃ። ትንሽ ታሪክ የሚወድ ካለ አገሪቱ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂቶች አንዷ እንደነበረች፣ አደባባዩም ስሙን ያገኘው በዚሁ ወዳጅነት እንደሆነ ይነግረናል። ሩጫ ወዳዱ ደግሞ ማሞ ወልዴ በ1968 (ዛሬ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በሜክሲኮ ሲቲ ማራቶን ማሸነፉን ያነሳል። ኳስ የሚያየውም ሁጎ ሳንቼዝን ይጠራል። ማሪቤል ዶሚንጌዝን የሚጠራ ግን እስካሁን አላጋጠመንም። ቁጭታችንም ከዚህ ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2004 መጨረሻ ላይ አትሌቲኮ ሴላያ የሚባል፣ በሜክሲኮ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት የወንዶች ክለብ ለማሪቤል የሁለት ዓመት ውል አቀረበላት። ልጅቷ ፈቀደች፣ ክለቡ ፈቀደ። የሜክሲኮ ፌዴሬሽን ደግሞ «እኔስ ምንም ችግር የለብኝ፤ ግን እስቲ የበላይ አካል ልጠይቅ» አለ። (ይቺ «የበላይ አካል ልጠይቅ» የምትባል ነገር ለካ በሁሉም አገር ቢሮ አለች!) የበላይ አካሉ ፊፋ ነው። ፊፋም በዚያው በዲሴምበር 2004 መልሱን ላከ፦ አይቻልም። የወንዶችና የሴቶች እግር ኳስ በግልጽ የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ ደንቡም ለማንም የተለየ ፈቃድ አይሰጥም። አለቀ፣ ደቀቀ።

ልብ በሉ፤ «ፍጥነቷ አይበቃም፣ አቅሟ አይችልም» ብሎ የመለሳት አሰልጣኝ የለም። ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ ያሰለቻት የለም። ሜዳ ገብታ በተከላካይ ትከሻ ተገፍታ ወድቃ «ይቅርብኝ» ያለችበት ቀንም የለም። ኳስ ከመነካቱ በፊት ወረቀት ነው ያስቆማት።

እኛም እዚህ መካከላችን ተከፋፍለን ብዙ ተጨቃጭቀንበታል። ከመካከላችን «ፊፋ ልክ ነው» የሚል አልጠፋም፤ የእሱንም ክርክር ሳንደብቅ እናመጣዋለን። መጀመሪያ ግን ይቺ ሴት ማን እንደሆነች እንወቅ፤ ሰውየዋን ሳያውቁ በደንብ ቁጥር መከራከር የእነሱ ልማድ ነው፣ የእኛ አይሁን።

ማሪቤል የተወለደችው በ1978 በሜክሲኮ ሲቲ ነው። ያደገችው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በቻልኮ ወገን ነው። ቻልኮ ድሮ ሐይቅ የነበረ መሬት ነው፤ ሐይቁ ደርቆ፣ ከየገጠሩ የመጣ ድሃ ውኃም መብራትም ሳይገባለት ቤቱን እየቀለሰ የሰፈረበት። አቧራ በበጋ፣ ጭቃ በክረምት። እዚያ ሜዳ ላይ ወንዶቹ ኳስ ይጫወታሉ፤ ማሪቤልም ጸጉሯን አሳጥራ ገባች። ወንድ ነው አሉ። እሷም አላረመቻቸውም። ለዓመታት እንዲህ ተጫወተች፤ ልጆቹ እውነቱን ያወቁት ፎቶዋ በሴቶች ቡድን ውስጥ ሆና ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው። ይህን ለጋዜጠኞች የነገረችው እሷው ራሷ ናት።

ታሪኩ ያስቃል። እኛንም አስቆናል። ግን ቆም ብላችሁ አስቡት፤ አንዲት ሕፃን ኳስ ለመምታት ስትል ማንነቷን መደበቅ ነበረባት። በ26 ዓመቷ፣ የአገሯ ምርጥ አጥቂ ሆና፣ ስሟንም ጾታዋንም ሳትደብቅ በፊት በር ስትመጣ ግን ከለከሏት። ስትደብቅ ተጫወተች፤ ሳትደብቅ ታገደች።

በ1999 ሜክሲኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴቶች ዓለም ዋንጫ በቃች። አሰልጣኙ ሌኦ ኩዬያር ከአገር ውስጥ የሚመርጠው ሊግ ስላልነበረው ከቡድኑ ግማሽ ያህሉን እዚያው አሜሪካ ተወልደው ካደጉ የሜክሲኮ ልጆች አሰባሰበ። ውጤቱ እንኳን አይወራም፤ በሦስት ጨዋታ 15 ጎል ገባባቸው። ያገቡት አንድ ብቻ ነው፣ ብራዚል ላይ። ያገባችው ማሪቤል ናት። ሕዝቡም «ማሪጎል» አላት፤ ማሪቤልና ጎል ተጋብተው።

ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። በ2003 አትላንታ ቢት ውስጥ ተጫወተች፤ ሊጉ ያኔ በዓለም የመጀመሪያው ሙሉ ፕሮፌሽናል የሴቶች ሊግ የሚባለው ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ገንዘብ አጥቶ ተዘጋ። ማሪቤል ወደ አገሯ ተመለሰች። አገሯ ውስጥ ምን አለ? የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ የሚባል ነገር የለም። በወንዶቹ በኩል ግን ስታዲየሙ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቢራ ሻጩ ስፖንሰር፣ ሁሉም ሞልቶ ተርፏል።

በ2004 ለአቴንስ ኦሎምፒክ ማጣሪያ ሜክሲኮ ከካናዳ ጋር ገጠመች። ካናዳ ያኔ ከዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የተመለሰች ቡድን ናት። ሜክሲኮ 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ሁለቱም ጎሎች የማሪጎል። አቴንስ ላይም ቻይና ላይ አገባች፤ አንድ ለአንድ ወጡ፤ ጀርመን ቻይናን 8 ለ 0 ስለቀጠቀጠች ሜክሲኮ በአንዲት ነጥብ ብቻ ሩብ ፍጻሜ ገባች። (ዕድልም አንዳንዴ ከድሃ ጋር ይቆማል።) እዚያ ብራዚል 5 ለ 0 ሸኘቻቸው።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ባለቤት የሆነች ሴት በ2004 ኦገስት ከአቴንስ ስትመለስ ሥራ የላትም። የምንለው በትክክል ይሄንን ነው። አሜሪካ ያለው ሊግ ተዘግቷል፣ አገሯ ውስጥ ሊግ አልተከፈተም። የቀረበላት ውል አንድ ነው፤ እሱም የወንዶች ክለብ ነው። ፊፋ ይህንን ውል ቀዶ «የሴቶችና የወንዶች እግር ኳስ ለየብቻ ነው» ሲላት፣ «ለየብቻ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት እንዳለ ያስመስላል። ሁለት ቤት የለም። አንድ ቤትና አንድ ባዶ ቦታ ነው ያለው። ቤት ያልሠራ ሰው በምን አፉ «ወደ ቤትሽ ግቢ» ይላል?

አሁን የጓደኛችንን ክርክር እናምጣ። እንዲህ ይላል፦ የሴቶች ውድድር የተለየው ሴቶቹን ለመጠበቅ ነው። ዛሬ ማሪቤል ወደ ወንዶቹ ከገባች ነገ ወንድ ወደ ሴቶቹ ልግባ ቢል ምን ትመልሱለታላችሁ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ጥያቄው ውስጥ አለ። አጥሩ የተሠራው ሴቶቹን ለመጠበቅ ከሆነ፣ ከአጥሩ ልውጣ ያለችውን ሴት የሚይዛት ለምንድን ነው? አጥር ጅብ እንዳይገባ እንጂ ባለቤቱ እንዳይወጣ አይታጠርም፤ ባለቤቱን ከያዘማ ስሙ አጥር መሆኑ ቀርቶ እስር ቤት ነው። በቼዝ የሴቶች ውድድር ለብቻው አለ፤ ይህ ግን ሃንጋሪያዊቷን ዩዲት ፖልጋርን ከወንዶቹ ጋር ተቀምጣ ካስፓሮቭን በ2002 ከማሸነፍ አልከለከላትም። «ቼዝ ጉልበት አይፈልግም» ትሉን ይሆናል። እሺ። ጉልበት ካነሳት ያንን የሚወስነው አሰልጣኙ ነው። በሳምንት አንዴ አሰላለፍ የሚያወጣው ሰው ጉልበት የሌለውን ወንድ ሁሉ ያለ ፊፋ እርዳታ ሲያባርር ይኖር የለም እንዴ? አጭሩን፣ ቀጭኑን፣ የሮጠ እንደሆን የሚያስነጥሰውን... ለእነዚህ ሁሉ ዙሪክ ተሰብስቦ ውሳኔ ያወጣ የለም።

ጓደኛችን ሌላም አለው። «ሴላያ የፈለገው ማሪቤልን ሳይሆን ወሬ ነው፤ ትኬት መሸጫ ሊያደርጋት ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል! የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ሰው እንዲያወራለት መፈለጉ አያስገርምም። ከዚያ በፊት በ2003 የጣሊያኑ ፔሩጃ ባለቤት ሉቺያኖ ጋውቺ ጀርመናዊቷን ብርጊት ፕሪንዝን ለወንዶቹ ቡድን ለማስፈረም ሲሯሯጥ ዓላማው ምን እንደነበር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ግን ልዩነቱን እዩት። ፕሪንዝ እሷው ራሷ አሰበችበት፣ «አልፈልግም» አለች፣ ጀርመን ውስጥ ወዳላት ክለቧ ሄደች። ፕሪንዝ ቤት ነበራት፤ እምቢ ማለትም የምትችለው ቤት ያለው ሰው ነው። ማሪቤልም ለወሬ ልትጠቅም ነው ብላ ካመነች እንዲሁ እምቢ ትበል ነበር። ውሳኔው የእሷ ነው። ክለብ በወንድ ተጫዋች ስም ማሊያ ሲሸጥ «ተጠቀሙበት» ብሎ ያለቀሰለት ፊፋ አላየንም።

ደግሞስ ስለ ሴቶች ክብር ማን ነው የሚናገረው? በዚያው በ2004፣ በጃንዋሪ ላይ፣ የፊፋው ፕሬዚዳንት ሴፕ ብላተር የሴቶች እግር ኳስ እንዲወደድ ምን ቢደረግ ይሻላል ሲባሉ ተጫዋቾቹ እንደ መረብ ኳሶቹ ሴትነታቸውን የሚያሳይ ልብስ ቢለብሱ፣ ለምሳሌ ጠበቅ ያለ ቁምጣ ቢያደርጉ ብለው መከሩ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ጃንዋሪ ላይ «ቁምጣችሁን አጥብቁ»፣ ዲሴምበር ላይ «ደንቡ አይፈቅድም»። የድርጅቱ የሴቶች እግር ኳስ ፖሊሲ በዚያ ዓመት ከልብስ ስፌትና ከበር ጥበቃ አላለፈም ብንል ማን ይከሰናል?

እዚህ ላይ «ሜክሲኮ ውስጥ ሴቶችን የሚያይ ስለሌለ ነው ሊግ ያልነበረው» የሚል አይጠፋም። ይሄ ውሸት ነው፤ ማስረጃውም አርጅቶ ጢም አብቅሏል። በ1971 ሜክሲኮ የሴቶች የዓለም ውድድር አዘጋጀች። ፊፋ አላወቀውም፣ እስካሁንም በመዝገቡ የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ የ1991ዱ ነው። አዘጋጆቹ ነጋዴዎች ነበሩ፤ የጎል ቋሚዎቹን ሳይቀር ሮዝ በነጭ ቀቧቸው (የቁምጣው ነገር እንግዲህ የቆየ በሽታ ነው)። ሕዝቡ ግን ለቀለሙ አልመጣም። ሜክሲኮና ዴንማርክ ለፍጻሜ ሲገናኙ አዝቴካ ስታዲየም ከመቶ ሺህ በላይ ሰው እንደያዘ ይነገራል። ከጨዋታው በፊት የሜክሲኮ ልጆች «ይሄ ሁሉ ሰው ትኬት የቆረጠው እኛን ለማየት ነው፤ ድርሻችን የት አለ?» ብለው ጠየቁ። በጋዜጣው ተወረፉ፣ ሳይከፈላቸው ገቡ፣ 3 ለ 0 ተሸነፉ። ሦስቱንም ያገባችው የ15 ዓመቷ ዴናዊት ሱዛነ አውጉስተሰን ናት።

ከመቶ ሺህ በላይ ተመልካች ያየ አገር ነጋዴ ቢሆን በማግሥቱ ሊግ ይከፍት ነበር። ሜክሲኮ የከፈተችው በ2017 ነው። ከ46 ዓመት በኋላ! በእነዚህ ዓመታት መሃል ተወልዳ፣ አድጋ፣ ተጫውታ፣ ጫማ የሰቀለች ሴት ምን ያህል ናት? አንዷን በስም እናውቃታለን።

ማሪቤል ከውሳኔው በኋላ አልተቀመጠችም። በ2005 መጀመሪያ ወደ ባርሴሎና ሄደች። ይህን ስትሰሙ የዛሬው የሴቶች ባርሳ እንዳይታያችሁ፤ ያኔ ቡድኑ ፕሮፌሽናል አልነበረም፣ የሆነውም በ2015 ነው። ከዚያ እዚያው ካታሎኒያ ውስጥ ወዳለች ኤስታርቲት ወደምትባል ትንሽ ከተማ ክለብ ተዛወረች። በዓለም ላይ ካሉት ጥሩ አጥቂዎች አንዷ ጉልበቷ በሞላበት ዕድሜ እንዲህ ከበር በር ስትል አለፈ።

ጎሉ ግን አልቆመም። ኖቬምበር 5፣ 2010፣ ካንኩን፤ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግማሽ ፍጻሜ። ተጋጣሚዋ አሜሪካ ናት፤ ሜክሲኮ በታሪኳ አንድም ቀን አሸንፋት የማታውቅ አሜሪካ። ጨዋታው በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ ማሪጎል አገባች። ካርሊ ሎይድ አቻ አደረገች፤ ወዲያው ቬሮኒካ ፔሬዝ ሁለተኛውን ጨመረች፤ 2 ለ 1 አለቀ። አሜሪካኖቹ ወደ ዓለም ዋንጫው ለመግባት ከጣሊያን ጋር ሌላ ጨዋታ ማድረግ ግድ ሆነባቸው። በ2011 ጀርመን ላይም በ32 ዓመቷ ኒውዚላንድ ላይ አስቆጠረች። ሜክሲኮ 2 ለ 0 እየመራች በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ገብቶባት አቻ ወጣች (ይሄን ጨዋታ ያየ ሜክሲኳዊ ዛሬም ሲነሳበት ፊቱ ይጠቁራል)። በጠቅላላው ለአገሯ ከ80 በላይ ጎል አግብታ ነው የወጣችው።

ሊጉ በ2017 ሲከፈት 38 ዓመቷ ነበር። ያውም ሊጉ ሲጀመር በአብዛኛው ከ23 ዓመት በታች ላሉት የተከለለ ነው። ቤቱ ሲሠራ እሷን በቁመት ሳይሆን በዕድሜ አላስገባትም።

ሕዝቡስ? ሕዝቡማ ድሮም ነበረ። የመጀመሪያው ፍጻሜ ላይ ቺቫስ ፓቹካን ሲያሸንፍ ከ32 ሺህ በላይ ሰው ጓዳላሃራ ስታዲየም ገባ። በ2018 ቲግሬስና ሞንቴሬይ ለፍጻሜ ሲገናኙ 51,211።

እንዲህ ነው፣ ቤቱም ተሠራ፣ እንግዳውም መጣ ብለን እልል ልንል ስንል ሌላ ጉድ ወጣ። በሴፕቴምበር 2021 የሜክሲኮ የንግድ ውድድር ኮሚሽን 17 ክለቦችን፣ ፌዴሬሽኑንና ግለሰቦችን በድምሩ 177.6 ሚሊዮን ፔሶ ቀጣ። ጥፋታቸው ሁለት ነው። አንደኛው የወንዶቹን ዝውውር ማነቃቸው ነው፤ ሁለተኛው ክለቦቹ ተሰብስበው የሴቶቹን ደመወዝ ጣሪያ መወሰናቸው። ሊጉ ሲመሠረት የተስማሙበት እንዲህ ነው፦ ከ23 ዓመት በላይ ለሆነች ከ2,000 ፔሶ አይበልጥም። ከ23 በታች ለሆነች 500 ፔሶ፣ ከዚያ ላይ የትምህርት ኮርስ። ከ17 በታች ለሆነች ገንዘብ የለም፤ የትራንስፖርት፣ የትምህርትና የምግብ ድጋፍ ብቻ። በወር ነው የምንላችሁ! 500 ፔሶ በጊዜው ምንዛሪ 30 ዶላር አይሞላም።

«ገበያው ነው የሚወስነው» የሚል ጓደኛ አለን፤ ኳስም ኢኮኖሚም አውቃለሁ ባይ። እስቲ እሱ ይመልስልን። ክለቦቹ ገበያው የሚለውን ዋጋ ቢያምኑበት ኖሮ ለምን ተሰብስበው ጣሪያ ይሠራሉ? ጣሪያ የሚሠራው ከፍ ሊል የሚችል ነገር ሲኖር ነው። ልጆቹ ርካሽ ስለነበሩ አይደለም፤ እንዳይወደዱ ስለተፈራ ነው። ከዚያም የተቀጣው ገንዘብ የገባው ለመንግሥት ካዝና እንጂ 500 ፔሶ ስትቀበል ለነበረችው ልጅ አይደለም።

የዋጋውን ነገር ከተነሳን አይቀር። ሊስቤት ኦቫዬ የምትባል የክንፍ ተጫዋች ለቲግሬስ መጫወት የጀመረችው በዚያው ጣሪያው በተሠራበት በ2017፣ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ሆና ነው። በኦገስት 2025 የአሜሪካው ኦርላንዶ ፕራይድ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰዳት፤ በዚያን ሰሞን በሴቶች እግር ኳስ ታሪክ ውዱ ዝውውር ነበር። ከ30 ዶላር ጣሪያ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ስምንት ዓመት ብቻ። እንግዲህ ይህ «ገበያ የለውም» የተባለው ነገር ነው።

ያ «ደንቡ ለማንም አይፈቅድም» የተባለውስ? በ2020 የኔዘርላንድ ፌዴሬሽን የ19 ዓመቷ ኤለን ፎኬማ ከሕፃንነቷ ጀምራ አብራቸው ባደገችው የመንደሯ ክለብ ውስጥ ከወንዶቹ ዋና ቡድን ጋር እንድትጫወት ፈቀደ። በዚያው ዓመት ጃፓናዊቷ ዩኪ ናጋሳቶ፣ የ2011 የዓለም ዋንጫ ባለቤት፣ አገሯ ውስጥ ባለ የወንዶች አማተር ክለብ ፈረመች። ደረጃው ዝቅ ያለ ነው፣ ልክ ነው፤ የሴላያን ያህል እንኳን አይሆንም። ግን ሰማይ አልተደፋም፣ የሴቶች እግር ኳስም አልፈረሰም፣ ወንዶችም ቀሚስ ለብሰው ወደ ሴቶቹ ሊግ አልጎረፉም። በ2004 የማይቻል የተባለው ነገር በ2020 በአንድ የፌዴሬሽን ደብዳቤ ተቻለ።

ጓደኛችን አሁንም አልተረታም። «ብትገባስ ኖሮ ሴላያ ውስጥ ምን ታደርግ ነበር? ስንት ጨዋታ ትጫወት ነበር?» ይለናል። ምናልባት አምስት ደቂቃ፣ ምናልባት ምንም። ምናልባት በሁለተኛው ሳምንት አሰልጣኙ ጠርቶ «ማሪቤል፣ አልሆነም» ይላት ነበር፤ እሷም ጫማዋን ጠቅልላ ትሄድ ነበር፣ በየዓመቱ ከየክለቡ እንደሚሄዱት ወንዶች።